በይደር የቆየው ስብሰባ

ሰኞ፣ ኦገስት 8 ቀን 1774

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ነገር ሲደረደር ልብ ይረጋጋል።

1765፦ የቴምብር ግብር ተጣለብን። የጣለው እኛ ያልመረጥነው የእንግሊዝ ፓርላማ ነው።
1766፦ ተሻረ።
1767፦ በሻይ፣ በወረቀት፣ በመስታወት ላይ ቀረጥ ተጣለ።
1770፣ ማርች፦ ወታደሮች ቦስተን ጎዳና ላይ ተኮሱ። አምስት ሰው ሞተ።
1773፣ ዲሴምበር፦ የቦስተን ሰዎች ቀረጥ የተጣለበትን ሻይ ከመርከብ ባሕር ጣሉት።
1774፣ ጁን፦ ለሻዩ ቅጣት የቦስተን ወደብ ተዘጋ።
በዚህ ሳምንት፦ አዲሱ ሕግ ደረሰ። የግዛታችንን የማሳቹሴትስን አማካሪዎች ከእንግዲህ የሚሾመው ንጉሡ ነው። ከተሞችም ከዓመታዊው በቀር፣ ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ ስብሰባ መጥራት አይችሉም።

ከአዲሶቹ ተሿሚዎች አንዱ ኮሎኔል ጆታም ናቸው። የሚስቴ የሜሂታቤል አባት። አማቴ።

በተረፈ ዝናብ ዋለ። ድርቆሹ አልገባም። ሁለት ጎረቤታሞች የአጥር ክርክር ይዘው መጡ፤ አስታርቄ ሸኘኋቸው። ሌላ የለም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 17

ሕጉን ደጋግሜ አነበብኩት። የሚከለክለው መጥራትን ነው። ቀድሞ የተጠራና ያልተዘጋ ስብሰባስ? ስለዚያ ዝም ይላል። የእኛ የሜይ ስብሰባ ደግሞ አልተዘጋም። በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ስላልተስማማን ለኦገስት 29 በይደር አቆይተነዋል። ያን ቀን ደግሞ ለሌላ ቀን ብናሳድረው... ከዚያም ለሌላ...

ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ይህን ቀዳዳ ባላገኘሁት ይሻለኝ ነበር።

ለሜሂታቤል ብቻ ነገርኳት።
«ለማን ልትነግር ነው?»
«ለማንም።»
«ጥሩ» አለችና ሹራቧን ቀጠለች።

ዓርብ፣ ኦገስት 19

ቆዳ ፋቂው አሳሄል ቤሚስ ድልድዩ ላይ አስቆመኝ።
«አቶ ኤልያብ፣ ስብሰባው ካልተዘጋ ማን ጠራችሁ ሊሉን አይችሉም ሲባል ሰማሁ።»
«ማን አለህ?»
«እኔ ምን አውቄ! ሚስቴ ከወፍጮ ቤት ይዛው መጣች።»

ትናንት ወፍጮ ቤት ማን እንደሄደች አውቃለሁ። አልጠየቅኳትም። ነገሩ የሚነካው የገዛ አባቷን ነው... ታዲያ ለምን?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 27

ኮሎኔሉ መጡ። ሜሂታቤል የእንጆሪ ቅጠል አፍልታ ቀዳችላቸው። ቀመሱና ስኒውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።
«ይሄ ምንድን ነው? ለበግ የተቀቀለ ነው?»
«ሻይ መጠጣት ትተናል፣ አባባ። ካልተስማማዎት ውሃ አለ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አገረ ገዥው በሴለም ከተማ ስብሰባ የጠሩትን ያዙ ብሏል፤ ሰምተሃል? አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አይታሰርም። የሚታሰረው ወንበሩ ላይ ያለው ነው። የጣሪያችሁን ጉዳይ ጨርሱና ስብሰባውን ዝጋው። አንዲት ቃል ናት።»
«ድምፅ ከሰጡበት እዘጋለሁ።»
«ድምፅ! ቆዳ ፋቂ ድምፅ እስኪሰጥህ ልትጠብቅ? ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። የሚያስርህ ወታደር ያንተን ትርጓሜ ቆሞ አይሰማም።»

ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሕጉ ክፉ ነው፤ ግን ሕግ ነው። ወይስ ያልተስማማንበት ሕግ ሕግ አይደለም? ኮሌጅ ሳለን በዚሁ ጥያቄ በላቲን ተከራክረናል። በላቲን ሲሆን ማንም አይታሰርም ነበር።

ሰኞ፣ ኦገስት 29

ዛሬም በቅደም ተከተል።

የምንሰበሰብበት ጸሎት ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። የጣሪያው ነገር ቶሎ አለቀ። ከዚያ አሳሄል ተነሳ። ኮሎኔል ጆታም የንጉሡን ሹመት እንዲመልሱ ከተማው ይጠይቃቸው፣ አለ። ኮሎኔሉ በሩ አጠገብ፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ቆመው ነበር።
«አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀው? መጀመሪያ ታጠብ! ሽታህ ካንተ ቀድሞ ነው የሚናገረው።»
«የእኔ ሽታ በውሃ ይለቃል፣ ኮሎኔል። የእርስዎ ሹመት በምን ይለቃል?»

ሳቅ። ጩኸት። አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ። ጠረጴዛውን መታሁና «ስብሰባው ተዘግቷል!» አልኩ።

ከአፌ ወጣ። ልማድ ነው? ዘወትር ስብሰባ ሲያልቅ የምለው ቃል ነው። ወይስ ፍርሃት? አላውቅም።

«ሰማችሁ!» አሉ ኮሎኔሉ። «ተዘግቷል። ወደየቤታችሁ!»

አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሳም። አሳሄል እንኳ አልጮኸም። ቀስ ብሎ «አቶ ሰብሳቢ፣ ምን አሉ?» አለኝ።

ያን ቃል ብተወው ነገ ማንም ደጄን አይመታም። አማቴም ይደሰታሉ። ስህተት ነው፣ አምልጦኝ ነው፣ እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ልኖር እችል ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ሰብሳቢ ያለ ድምፅ አይዘጋም። ይዘጋ የምትሉ?»
የኮሎኔሉ እጅ ብቻ።
«ለሴፕቴምበር 12 በይደር ይቆይ የምትሉ?»
መቁጠር አላስፈለገም።

ኮሎኔሉ ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የልጄ ባል መስለኸኝ ነበር።»

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 1

የፈረስ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። ማንም አልመጣም። መጠበቁ ከመታሰሩ ይከፋ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 13

ትናንት ስብሰባው ቀጠለ፤ እንደገናም በይደር ቆየ። ዛሬ የከተማው ሰዎች ኮሎኔሉ ደጃፍ ሄደው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ሹመቱን ይመልሱ፣ አሏቸው በትሕትና። «ከንጉሤ የተቀበልኩትን ለናንተ አልመልስም» አሉ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ኮሎኔሉ የንጉሡ ጦር ወዳለበት ወደ ቦስተን ሊሄዱ ነው።

ሜሂታቤል ሸሚዛቸውን አጣጥፋ ጋሪው ላይ ጫነች።
«አንቺም ነይ» አሏት።
«አባባ፣ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ትቼ ነው የመጣሁት።»

ጋሪው ከዓይን እስኪሰወር ቆማ አየች። ቤት ስንመለስ ምድጃው ባዶ ነበር።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 5

በይደር የቆየው ስብሰባ ዛሬም ቀጠለ። ዘንድሮ የሰበሰብነው ግብር ለንጉሡ ገንዘብ ያዥ እንዳይገባ ተወሰነ። እኛው ለመረጥነው ይግባ ተባለ። ይህ ከስብሰባ የሚያልፍ ነገር ነው። ምን ብዬ ልጥራው? ገና ስም አልሰጠሁትም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1775

ትናንት ሌክሲንግተን ላይ በንጉሡ ጦርና በእኛ ሰዎች መካከል ተኩስ ተከፈተ። ማን ጀመረ? እያንዳንዱ ወገን ሌላው ነው ይላል። ማስረጃ የለኝም። አሳሄል ጠመንጃውን ይዞ ሄዷል።

ዓርብ፣ ማርች 22 ቀን 1776

የንጉሡ ጦር በመርከብ ከቦስተን ወጣ። ኮሎኔሉም አብረው። በሰሜን ወዳለችው ወደ ሃሊፋክስ ነው ይላሉ።
«እዚያ ብርድ ነው፣ አይደል?» አለች ሜሂታቤል።
ብርድ ነው።

ሰኞ፣ ሜይ 27 ቀን 1776

የዛሬው ስብሰባ መጥሪያ በንጉሡ ስም አልተጻፈም። በማሳቹሴትስ መንግሥትና ሕዝብ ስም ነው። የተያዘው ጉዳይ አንድ ነው፦ ከቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ የተውጣጣው ኮንግረስ ለደኅንነታችን ሲል ከብሪታንያ ነጻ መሆናችንን ቢያውጅ፣ በሕይወታችንና በንብረታችን ከጎኑ እንቆማለን ወይ?

ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ድምፅ እኩል ለእኩል ካልሆነ በቀር ሰብሳቢ እጅ አያነሳም። ደንቡ ደግ ነው። ከደንቡ ኋላ መሸሸግ እንዴት እንደተመቸኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

አሳሄልን ጠርቼ ወንበሩን ያዝልኝ አልኩት። ከጦርነቱ ወዲህ ያነክሳል፤ ደረጃውን ቀስ እያለ ወጣ።
«ምን ሆኑ፣ አቶ ሰብሳቢ? አመመዎት?»
«የለም። ልቆጠር ነው።»
«ወንበሩ ቆዳ ቆዳ ቢሸት አይውቀሱኝ» አለና ተቀመጠ።

ወርጄ ከሰዉ መካከል ገባሁ። እጄን አነሳሁ። የሚቃወም ሲባል የተነሳ እጅ የለም።

ሜሂታቤል ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ።
«አንተም?»
«እኔም።»
«አባባ እንግዲህ አይመለሱም።»
ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

የጸሎት ቤቱ ደወል አልተደወለም። ማንም አልፎከረም። ሰዉ በቆሎ ሊዘራ ወደየማሳው ሄደ።

ከንጉሡም ሆነ ከአገረ ገዥው ፈቃድ አልጠየቅንም።