የላክህልን ቦርሳ

ለውድ ወንድም ዓለሜ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ድምፅህን ከሰማን ወዲህ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ፣ ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና መሪ ይዘህ ስትውል አሁንም ይነዝርሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የትንሿስ የወለቀው ጥርስ በቀለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እማዬ እግሯ እንደምታውቀው ነው እንጂ ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ትናንት ፀጉሬን አይታ ከማን ጋር ተጣልቼ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ በስልክ የማልነግርህ ክፍላችን አንድ ስለሆነችና እሷም ሁሉን ስለምትሰማ ነው።

የላክህልን ቦርሳ በደህና ደርሶናል። የኪሱ ብዛት! እማዬ የልብስ ሰፊነቷ ተነሥቶባት ስፌቱን ገልብጣ እያየች፣ ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ አለች። በሩ አጠገብ፣ ከአልጋዋ ራስጌ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

መሬቱ ግን አሁንም አላረፈም። ባለፈው ወር ብቻ አምስት ጊዜ ነቀነቀን። ወደኛ ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ግድግዳው ተሰንጥቆ ጣት ያስገባል። አንድ መሐንዲስ መጣና ስንጥቁን በቀይ ቀለም ከብቦት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ስንጥቁ ቀለሙን አልፎታል።

ማዘጋጃ ቤቱ ለአደጋ ጊዜ በየቤቱ ስለሚዘጋጅ ቦርሳ አንድ ዝርዝር አውጥቶ፣ እኔ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ላከው። ሁለት ሺህ ቅጂ ያባዛሁት እኔው ነኝ፣ በቃሌ ነው የማውቀው። የሦስት ቀን ውሃ፣ ደረቅ ምግብ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ፋሻ፣ መድኃኒት፣ ቅያሪ ልብስ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የሰነድ ቅጂ። ከታች በደማቁ፣ ክብደቱ አንድ ሰው ይዞት ሊሮጥ ከሚችለው አይብለጥ ይላል። መሮጥ ስለማይችል ሰው ምን እንደሚል ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ ወረቀቱን እንኳ ገልብጬ አየሁት፣ ጀርባው ባዶ ነው። ያመጣውን ሰውዬ፣ እናቴስ? አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ለእንደዚያ ዓይነቱ ቅጽ አለ አለኝ። ሞላሁት። እሱንም ያባዛሁት እኔ ነኝ። መልስ እስካሁን የለም።

እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ እንዳይመስልህ። ምድር ላይ የሚከራይ ክፍል ፈልጌ ነበር፤ ግን አሁን ሰፈሩ ሁሉ የሚፈልገው ያንኑ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ጭነት አውራጅ፣ ጉልቤ የምንለው፣ እኔ እያለሁ ምን አሳሰበሽ፣ በአንድ እጄ አወርዳታለሁ አለኝ። አያቅተውም፤ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ስለዚህ አንድ የዕረፍቴ ቀን እኔው በአንሶላ አዘልኳትና ወጣሁ። አሥራ አንድ ደረጃ ወርጄ መታጠፊያው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ወደ ታችም ወደ ላይም አልሆን አለ። እማዬ፣ እኔ አንቺን ሳዝልሽ እንዲህ አላለከለክሁም ብላ አሳቀችኝ። ጉልቤ ከሥራ እስኪመለስ ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን ዋልን።

እንግዲህ የቀረኝ ቦርሳው ነበር፤ እሱን እንኳ በወጉ ላዘጋጅ ብዬ ተነሣሁ። የእማዬን የደም ግፊት ኪኒን፣ ወፍራም ሹራቧን፣ ካልሲዋን፣ ትርፍ መነጽሯን፣ የመታወቂያዋን ቅጂ ከኔ ዕቃ ጋር ከተትኩ። በነጋታው ኪኒኑን ትራሷ ሥር አገኘሁት። መልሼ ከተትኩት። በሳምንቱ ሹራቡን ለብሳው ተቀምጣለች፤ ምነው ብላት፣ በረደኝ አለች። ቀጥሎ ካልሲው ወጣ። መርሳት ጀመረች ብዬ ሆዴ ባባ፤ አንድ ቀን ግን ትዕግሥቴ አለቀና ጎረቤት ፊት እንደ ልጅ ተቆጣኋት። ምንም አልመለሰችልኝም። እማዬ መልስ አጥታ ታውቃለች? ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ምሳዋን ላበላት ከሥራ መጥቼ፣ ሳህኑን ሳጥብ ወለሉ ከሥሬ ሸሸ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልጽፍ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ግን አንተን አልዋሽህም። ቦርሳውን አንሥቼ ሮጥኩ። ዝርዝሩ ተለማመዱ ስለሚል ብዙ ጊዜ ተለማምጄ ነበር፤ ቦርሳ ማንሣት፣ በር መክፈት፣ መውረድ። እጄና እግሬ የለመዱትን አደረጉ። ራሴን ያገኘሁት መንገድ ላይ ነው፣ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፌ። ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ፣ እማማስ? አለችኝ።

ልመለስ ስል ሰዎች ያዙኝ፤ ደረጃው እየረገፈ ነው አሉ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ ስላጣሁ ቦርሳውን ከፍቼ ኪኒኗን ፈለግሁ፤ ለምን እንደፈለግሁት አሁንም አላውቅም። ኪኒን የለም። ሹራብ የለም። መነጽሯም፣ የመታወቂያዋ ቅጂም የለም። የእሷ የሆነ አንድም ነገር አልነበረም። ያለው የኔ ልብስ፣ የኔ ሰነድና ለአንድ ሰው የሚበቃ ምግብ ነው። ቁልፉ የወለቀው ካፖርቴ አዲስ ቁልፍ ተተክሎለታል፣ በዚያ በምታውቀው በእማዬ ድርብ ስፌት። ምንም አልረሳችም፣ ወንድሜ።

ሲለቁኝ ወደ ላይ ሮጥኩ። የጣሪያው ልስን ረግፎባት አመድ መስላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ራሴን እየዳበሰች፣ ቦርሳው ቀለለሽ አይደል? አለችኝ።

ዕቃዋን መልሼ ከተትኩት። ዛሬ ጠዋት ሹራቧ ትራሷ ሥር ነው። ስለምናት እሺ ትላለች፤ እሺ ስትል ደግሞ እንደማታደርገው ታውቃለህ። ቦርሳውን ከእጇ ላርቀው እችላለሁ፤ ግን ሹራቧ ቦርሳው ውስጥ ስለዋለ እሷ ደረጃውን አትወርድም። አሁን ስወጣ ስገባ ቦርሳውን ማየት ያስጠላኛል። አንተ ታላቅ ነህ፣ ቃልህን ትሰማለች፤ እባክህ ጻፍላት። ምን ብለህ እንደምትጽፍላት ግን እኔም አላውቅም።

ለባለቤትህ የእህትነት ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ጉልቤ ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ከማክሰኞ ወዲህ ዓይኔን ማየት ያፍራል፣ ምንም ሳያጠፋ። እማዬ ምን እንደምጽፍ አታውቅም፤ ለልጄ ሰላምታዬን ጻፊልኝ፣ ቦርሳው በጣም ጥሩ ነው፣ ለእህትህ ይበቃታል በይልኝ ብላለች።

እህትህ
ከአራተኛ ፎቅ፣ ከእማዬ አልጋ አጠገብ
ዓርብ፣ ጥቅምት 9 ቀን