ጃንጥላ በተሳልኩ

ታኅሣሥ 16፣ ኀሙስ፣ 7 ሰ.

ምሳ ሰዓት። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ሽሮዬን በልቼ ሣህኑን እንኳ አላጠብኩም። ደብተሬ፣ ዛሬም አልደወልኩላትም። ዐሥራ ሦስት ቀን ቀረኝ።

ላንቺም በግልጽ የጻፍኩልሽ አይመስለኝም። ኅዳር ላይ ብሌኔ ደንጊ ይዟት ሆ/ል ተኝታ፣ ሐኪሙ የደሟን ውጤት አይቶ ራሱን ሲነቀንቅብኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ ተሳልኩ። ሰው ጃንጥላ ይሳላል። ጧፍ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል። እኔ ቀውሷ ግን፣ ጌታዬ ልጄን ተውልኝ፣ በልደትህ ቀን ከእህቴ ከአስቴር ጋር ካንድ ገበታ እበላለሁ አልኩ። ከተኮራረፍን ስድስት ዓመት ሆኖናል። ልጄ ዳነች። ይኸው ግቢ ውስጥ ገመድ ትዘላለች።

ምነው ጃንጥላ በተሳልኩ!

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ፣ 4 ሰ.

ከቀፊራ ገበያ አሁን ገባሁ። ለበዓሉ ሽንኩርት ልገዛ ከጎረቤቴ ከዘሀራ ጋር ወጥተን፣ ሳላስበው ስለቱን ነገርኳት። ገበያው መሀል ቀጥ አለች። «ነዝር እኮ ነው አቦ! ቀልድ መሰለሽ እንዴ?» እነሱ ስለትን ነዝር ነው የሚሉት። ጃንጥላ ቢሆን በሰው ትልኪው ነበር፣ ይሄን ግን በራስሽ እግር ካልሄድሽ ወላሂ አይሆንም አለችኝ። ተናደድኩባት። የኔን ስለት ከኔ በላይ ፈራችልኝ። በንዴት ሳልከራከር ሽንኩርቱን በውድ ገዛሁ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ፣ ማለዳ

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋገርኩ። ለምን ተጣላችሁ አሉኝ። አፌ ስለለመደው ሳልደናቀፍ ነገርኳቸው።

ብሌንን በወለድኩ በሦስተኛው ቀን እማዬ ሞተች። ከኔ ቤት በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ ላይ። የምታርሰኝ አስቴር ነበረች። አንድ ቀን ለግማሽ ቀን ጠፋች፤ ለካ እናታችንን ቀብራ ነው። ተመልሳ ገንፎ አገነፋችልኝ። እማዬስ ስላት፣ ጉንፋን ይዟት ነው ትላለች። ስልክሽ ተበላሽቷል ብላ ስልኬንም ወሰደች። ለአራስ መርዶ አይነገርም ተብሎ አርባ ቀን ሙሉ ስትስቅልኝ ከረመች። አርባ ሁለተኛው ቀን ላይ በማለዳ ሽማግሌዎች ልካ አረዱኝ። እሷ አብራቸው እንኳ አልነበረችም። የእናቴን አፈር ሳላይ ቀረሁ።

አባ አልተቆጡኝም። የተሳልሽው ለእሷ ሳይሆን ለጌታ ነው ብለው ብቻ መስቀሉን አሳለሙኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 23፣ ኀሙስ፣ 11 ሰ.

የአስቴር ባል ደረጀ ደወለ። ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ደኅና ናት፣ ነገ ቤቷ ትገባለች።

በስለቴ ስላመነታሁ ይሆን? ከዚያ ራሴን ተቆጣሁ። ጌታ እንዲህ ዓይነት ቂመኛ አይደለም። ቂመኛዋ እኔ ነኝ።

የታመመ እንኳ አልጠይቅም ማለት ነው? የተኛችበት ሆ/ል ወዳለበት ወደ ከዚራ ሰፈር በእግሬ ሄድኩ፤ ብርቱካን ገዛሁ፤ ይዤው ቤቴ ተመለስኩ። ብሌን በላችው።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ፣ 8 ሰ.

አክስታችን እትዬ ብዙነሽ ዛሬ ጠዋት ሚኤሶ ላይ ሞቱ። አስቴርን እስከ ሰባት ዓመቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ቀብሩ ነገ ነው፣ በገና ቀን።

ደረጀ ሊቀብር ይሄዳል። ለአስቴር ግን የደንበኛ መኪና ሚኤሶ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል፣ ልጠግን ነው የምሄደው ብሏታል። ስፌቷ ስላልደረቀ ማልቀስ የለባትም። ነገ ብቻዋን ናት። ሌላ ሰው የለኝም፣ አንቺ አብረሻት ዋይ አለኝ። ጥቁር እንዳትለብሺ። ስልኳን አደራ፣ ሰው ደውሎ እንዳያረዳት።

እኔን! ከሰው ሁሉ እኔን! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይሄን ነው።

10 ሰ. እነግራታለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሞት አይደበቅም እያልኩ አገር ምድሩን ሳሰለች አልነበር? ገብቼ እነግራታለሁ።

11 ሰ. ስፌቱስ? ቢፈታ?

12 ሰ. አላውቅም። ሻወሩን ከፍቼ አክስቴን አለቀስኩ፤ ብሌን እንዳትሰማ። አሁን ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤ/ክ እሄዳለሁ። እንደዚህ የፈራሁት ገና የለም።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ፣ 9 ሰ.፣ ሳቢያን፣ አስቴር ቤት

ተኝታለች። ማድ ቤቷ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው።

በቅዳሴው ሁሉም እልል ሲል እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ቄሱ መላእክት ለእረኞች ስላበሠሩት ሰላም ሰበኩ። እኔ ግን ልንገራት አልንገራት እያልኩ አደርኩ። ቤቴ ገብቼ ዶሮዬን በሳህን ያዝኩ፤ ብሌንን ከአባቷ ጋር ትቼ በባጃጅ መጣሁ። ነጭ በነጭ ለብሼ።

አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አየችኝ። ከስታለች። እንኳን አደረሰሽ አላለችም።

«ማን ሞተ?» አለች።

መጀመሪያ ያለችኝ ይህንኑ ነው። እኔን እዚህ የሚያመጣኝ ሞት ብቻ እንደሆነ ታውቃለቻ።

እውነቱ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። እጇ ሆዷን፣ ስፌቱን ይዟል። «ማንም አልሞተም አስቱ። ለገና ነው የመጣሁት» አልኩ። ሳቅሁም። ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ወዲያው ስልኳ ጠራ። ቻርጅ ላድርግልሽ ብዬ ወስጄ አጠፋሁት።

ማድ ቤት ገብቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ። እሷ ይህንን አርባ ቀን! የገዛ እናቷን ቀብራ፣ ገንፎ እያገነፋች፣ ልጄን እያጠበች። ወተቴ እንዳይደርቅ ነበር። ይህንንም ድሮም አውቀው ነበር፤ ማወቁን አልፈለግሁትም። እናት የሞተችባት እኔ ብቻ ሆኜ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ሐሞቷ ቅባት ስለማይችል ዶሮው ቀረ። ሩዝ በካሮት ቀቀልኩ። ካንድ ሳህን በላን። «ዛሬም ጨው አታውቂም» አለችኝና ስንስቅ፣ «ስፌቴን! ስፌቴን!» ብላ ሆዷን ያዘች። አጎረሰችኝ። ለዚያች አርባ ቀን ስላኮረፍኩሽ ይቅር በይኝ አልኳት።

«መደበቄ አይቆጨኝም። ራሴ አለመንገሬ ነው የሚቆጨኝ። ፊትሽን ፈራሁት ሂሩቴ» አለች።

ደስ አለኝ። እጽፈዋለሁ፣ አላፍርም፤ አክስቴ እየተቀበሩ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ቆሜ ያጣሁት ሰላም ጨው ባነሰው ሩዝ ላይ መጣልኝ። ጌታዬ ሆይ፣ ተመስገን። ግን ደግሞ በየደቂቃው ስልኩን አያለሁ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እዘላለሁ።

ታኅሣሥ 30፣ ኀሙስ፣ 1 ሰ.፣ ጠዋት

ደረጀ ቀብሮ ተመለሰ። ስፌቷ ሰኞ ይወጣል። እስከዚያ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ፤ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ እስቃለሁ። ማክሰኞ ማለዳ ሽማግሌ ልላክባት ወይ አለኝ። አይሆንም አልኩት።

እኔው አረዳታለሁ። ፊቷን እያየሁ፣ እጇን ይዤ። አንቺም ዋሸሽኝ ብትል ልክ ናት። ትጩህብኝ። ብታስወጣኝ ደጃፏ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ በማግስቱም እመጣለሁ፣ በሣልስቱም። እሷን ግን ስድስት ዓመት አላስኮርፋትም።