የአርጉን ካን ቀጠሮ

ስቶክዌል፣ ለንደን
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሶልያና፣ እንደምን አለሽልኝ? የኤድንብራ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይፈራል። የጻፍኩልሽ መደወል አቅቶኝ አይደለም። ስልኩን "እማዬ፣ መልሼ ልደውል" ብለሽ ትዘጊዋለሽ፤ ደብዳቤ ግን አይዘጋም።

ያለፈው ቅዳሜ ብሪክስተን ነበርሽ። "እስከ ፋሲካ ለንደን አልመጣም" ያልሽኝ ልጅ፣ ከቤቴ በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ። አብራኝ የምታስቀድሰው ሰሎሜ ናት በፊቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስልኳን አውጥታ ማስታወቂያው ላይ ፎቶሽን ያሳየችኝ። ልጅሽ ስለ ሞንጎሉ ንጉሥ ንግግር ልታደርግ ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። የማውቅ መስዬ "እንኳን አብሮ ደስ ያለን" አልኳት።

መጣሁ። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከአንድ ረጅም ሰውዬ ጀርባ ተቀመጥኩ። ስሜ አልታየሽ አይደል? አልታየሁም።

ስለ አርጉን ካን ስታወሪ ሰማሁሽ። የጄንጊስ ካን ዘር፣ የፋርስ ገዢ፣ ያን ሁሉ ፈረሰኛ ይዞ ለፈረንጅ ነገሥታት ደብዳቤ ሲጽፍ። በዚህ ወር በዚህ ቀን ደማስቆ ደጃፍ እንገናኝ፣ የግብጹን ሱልጣን አብረን እንግጠም፣ ኢየሩሳሌምን ለእናንተ እሰጣለሁ ሲል። የእንግሊዙ ኤድዋርድም ግሩም ሐሳብ ነው፣ ስንነሳ እናሳውቅሃለን ብሎ መመለሱን። ከዛ "እኛ ይሄን የሐበሻ ቀጠሮ እንለዋለን፣ ሰውየው የማይመጣበት" ስትያቸው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የራሴ ቀልድ ነዋ። ስምንት ዓመትሽ ሆኖ፣ ጸጉርሽን ስሠራሽ ራስሽን እንዳታነቃንቂ ብዬ የነገርኩሽ።

ቀልዱንስ ውሰጂው፣ ይመረቅልሽ። አንዷ ሴትዮ ተነስታ ይሄ ፍቅር ከየት መጣ ብላ ስትጠይቅሽ የመለስሽው ነው ጉሮሮዬ ላይ የቀረው። "እኛ ቤት መጽሐፍ አልነበረም። እናቴ ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ደክሟት ገብታ ትተኛ ነበር። ሁሉንም ራሴ ነው ያገኘሁት።"

አልነበረም? ያ ሽፋኑ የተገነጠለው የሞንጎሎች ታሪክ፣ ከማጸዳው ቢሮ ቆሻሻ መጣያ ያወጣሁት፣ መዝገበ ቃላት ይዤ አራት ዓመት የታገልኩት ምን ነበር፣ ትራስ? ሰባት ደብተር ሙሉ የጻፍኩትስ? ጽዳት ሠራተኛነቴን ንገሪያቸው፣ አላፍርበትም። ማንበቤን ለምን ደበቅሽው? ከምንም የተነሳ ሰው ስለሚያስጨበጭብ ነው? እኔን ምንም አድርገሽኝ ነው እኮ የተነሳሽው።

ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ደውለሽ፣ ደብተሮቹን ስካን አድርገሽ ላኪልኝ፣ ለመጽሐፌ እፈልጋቸዋለሁ ብለሽኝ ነበር። እኔ ሞኟ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ። ስለ ብሪክስተን አንድ ቃል አልተነፈስሽም።

አልልክም። እንደ አርጉን እኔም ቀን ቆርጫለሁ። ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰባቱም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቁሻል። መጥተሽ ፊት ለፊቴ ካነሳሻቸው ያንቺ ናቸው። መጽሐፍሽ ላይም "ከእናቴ ከአልታየሽ ሰማሁ" ብለሽ ትጽፊያለሽ። በቀኑ ካልተገኘህ ኋላ ምን ይረባል ብሎ ነበር ሰውየው። የሐበሻ ቀጠሮ አልቀበልም።

እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ። ካፖርትሽን ቆልፊ፣ ቅዳሜ ደረትሽ ክፍት ነበር።

እናትሽ አልታየሽ

ረስቼው፦ አርጉን የአካን መውደቅ ሰምቶ በሐዘን ሞተ ብለሻቸዋል። ተሳስተሻል። ያቺ የፈረንጆቹ ከተማ አካ የወደቀችው በግንቦት ነው፤ እሱ የሞተው በዚያው ዓመት በመጋቢት፣ ሁለት ወር ቀድሞ። ከአራተኛው ደብተር ገጹን ቀድጄ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። መጽሐፉ ሳይታተም አርሚው፣ ማንም እንዳይስቅብሽ። ሰውየው ምንም አልሰማም። ሲጠብቅ ነው የሞተው።