ስለ ጨዋታ ደብተራችን ገጽ ስልሳ አንድ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም ከእኛ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ሠራተኞችዎ ከዘጠኝ ቀን በፊት ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ፣ የበሽተኛ ማዘዣ በእጁ እንደያዘ ከመድኃኒት ቤቱ የወሰዱት ፋርማሲስት ታላቅ እህት ነኝ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ የጓሮ ክፍል ተሰብስበን፣ ባለ ቁጥር ዳይስ እየወረወርን፣ እያንዳንዳችን አንድ የፈጠራ ሰው ሆነን የምንጫወተውን ጨዋታ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቁም ነገር የቆጠረልን አልነበረም፤ እናታችን እንኳ የሥራ ፈት ነገር ነው ትላለች። እርስዎ ግን የጨዋታውን ታሪክ የምንጽፍበትን ደብተራችንን ከመደርደሪያው አስወስደው በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ አነበቡልን። እንዲህ ያለ አንባቢ ገጥሞን አያውቅም።

ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

አንደኛ፤ በደንባችን መሠረት ሁሉም ሰው የሚጫወተውን ሰው ሥራ «እኔ» ብሎ ይጽፍና ይፈርምበታል። ስለዚህ ወንድሜ «የከተማውን ገዥ የመረዝኩት እኔ ነኝ» ብሎ መፈረሙ የእምነት ቃል ሳይሆን የቅዳሜ ጨዋታ ነው። መርዙ የተቀመመበት ሰማያዊ ቅጠል በላቦራቶሪ እንዲፈለግ ማዘዝዎን ሰምቼ በትጋትዎ ተደንቄአለሁ፤ ቅጠሉን ሻይ እየጠጣሁ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፤ በደብተሩ ውስጥ ያለችው አንድ ዓይና ኮንትሮባንዲስት ያለችበትን እንድንጠቁም ታዝዘናል። እሷን የምትጫወተው የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ደህና ናቸው፣ ከሰሞኑ ግን በሯ ላይ የቆመውን መኪና ሲጠብቁ ቀልተዋል።

ሦስተኛ፤ ለምን ክፉ ሰው ሆናችሁ ትጫወታላችሁ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ወንድሜ ለአንድ ደንበኛ እንኳ የተሳሳተ ክኒን ሰጥቶ ስለማያውቅ መርዘኛ መሆን ያስቀው ነበር። እኔ የምጫወተው መርማሪውን ነው፤ ምስክር የማይሰማ፣ ሰውን በወረቀት ብቻ የሚያስር ክፉ ሹም። ጓደኞቼ አጋነንሽው፣ እንዲህ ያለ ሰው የለም ብለው ሲስቁብኝ አፍሬ ልሰርዘው ነበር። ከዚህ ሐፍረት ስላወጡኝ ባለውለታዬ ነዎት።

ደብተሩን ለጽሕፈት ቤትዎ መታሰቢያ ይሁን ብዬ ትቼልዎታለሁ፤ ወንድሜን ግን በእግሩ እንደሄደ በእግሩ እንዲመልሱልን እለምንዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማያስተኛ ፍርሃት ጋር፣
የፋርማሲስቱ እህት፣ በጨዋታው ደግሞ የሥራ ባልደረባዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ገጽ ስልሳ አንድ በቀይ ሁለት ጊዜ እንደተሰመረበት ሠራተኛዎ አሳይቶኛል። እዚያ ገጽ ላይ የእኔ መርማሪ መርዘኛውን ያስረዋል፤ እስረኛውም በአሥረኛው ቀን ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። የጻፍኩትም የፈረምኩትም እኔ ነኝ። በእኛ ጠረጴዛ የሞተ ሰው ጨዋታው ሲያልቅ ተነሥቶ ወንበር ያጣጥፍና እየሳቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እርስዎ በደብተራችን ያለውን ሁሉ እንደ እውነት ስለሚያምኑ ነው የምለምንዎ፤ ነገ አሥረኛው ቀን ነው።