ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤትሽ

ውድ አበልጄ ሕሊና፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ስልክ ላይ ቶሎ ስለምትስቂ የምናገረው ይጠፋኛል። ስለዚህ ቀስ ብዬ መጻፉን መረጥሁ።

የመጀመሪያ ልጆቻችንን ጎን ለጎን ተኝተን በኦፕራሲዮን ወለድን። ልጄን ክርስትና አነሳሽልኝ። ሁለተኛውንም በአንድ ሰሞን አረገዝን። ለክትትል ስንሄድ ሐኪሙ አንቺን «በምጥ እንሞክራለን፣ ቅርብ ነሽ» አለሽ። እኔን ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንቺ ከአምበር ነሽ፤ ምጥ ቢጀምርሽ ማን ያደርስሻል? በቀጠሮሽ መጥተሽ ኦፕራሲዮን ነው» አለኝ። «እኔስ ብሞክር?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ቤትሽ እዚህ ቢሆን ኖሮ» አለ።

አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠሻል። ቤትሽ ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ነው። ነጠላሽን አስተካከልሽ እንጂ ምንም አላልሽም።

በምጥ መውለድሽን ከሰው ሰማሁ። ገንፎ ልበላ መጥቼ «ምነው ሳትነግሪኝ?» ብልሽ፣ «ምጥ ወሬ ከሰማ ይረዝማል አይደል የምትሉት፣ አበልጅ?» ብለሽ ሳቅሽ። ከተሜዋ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ምጥ የምትደብቂው? የሆስፒታሉን አዋላጅም ከእንግዶችሽ መካከል ገንፎ ስትበላ አየኋት። አንቺን በስምሽ ትጠራሻለች። እኔን «የአምበሯ» ነበር የምትለኝ። ከዚያ ወዲህ ለሐኪሙ ማን ተናገረልሽ እላለሁ። ባልሽ ይሆን? ወይስ እውነትም የቤትሽ ቅርበት ብቻ?

ባሌ ውበቱ «ዳግመኛ ሆድሽ ከተቀደደ አጨዳውን ማን ያግዘኛል?» አለ። እኔም አንቺ በምጥ ወልደሽ የለ ብዬ በቀጠሮዬ ቀን ቀረሁ። ምጡ ሲመጣ አማቴ እንደ ልማዱ በር ዘግተው ለጎረቤት እንኳ ሳይናገሩ ያዙኝ። ብዙ ካማጥሁ በኋላ ምጡ ድንገት ቀጥ አለ። አማቴ «ተመስገን፣ በረደላት» አሉ። ሆዴ ውስጥ ግን ልጄም አብሮ ዝም ብሏል።

በቃሬዛ አስፋልት ድረስ አወጡኝ። ሆስፒታል ስደርስ የፊተኛው ኦፕራሲዮን ስፌት ተተርትሮ ነበርና እኔን ማኅፀኔን አውጥተው አተረፉኝ። እሱ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ባልሽ ክርስትና እንዲያነሳው አስቤ ነበር።

ለቅሶ መጥተሽ አቅፈሽኝ «ምነው እኔ ዘንድ በሰነበትሽ!» አልሽ። አበልጄ፣ ያን ቃል ያኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለን ምን ያዘው?

አሁን የውበቱ እህት ዜማ ወሯ ሊገባ ነው። እሷም እንደኛው የመጀመሪያዋን በኦፕራሲዮን ነው የወለደች። መሞከር ትፈልጋለች። ሰኞ ይዣት እመጣለሁ። እስክትወልድ አንቺ ዘንድ ትሰነብታለች፤ ስንቋን እኔ አመጣለሁ። ሐኪሙ «ቤትሽ ሩቅ ነው» ሲላት በመስኮቱ ቤትሽን አሳየዋለሁ። ያኔ ሌላ ሰበብ ካመጣ እሱን አውቀዋለሁ። በርሽን ዘግተሽ ካገኘሁሽ ደግሞ አንቺን።

እስኪከፈትልኝ ድረስ አላምንሽም። ግን ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም።

የክርስትና ልጅሽ እናት፣
የብርጓል