የግራ ዓይኔ እንባ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለማሙሽ (ጺም ብታወጣም ለእኔ ማሙሽ ነህ)፤

እንደምን ከርመሃል? እኔና እናትህ ከግራ ዓይኔ በቀር ደህና ነን። ይህ ዓይን ማልቀስ ከጀመረ ዓመት አለፈው። ሱቅ የገባ ሁሉ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ይለኛል። ባለፈው የአንዱን ሙሽራ ሱሪ ስለካ እንባዬ ጫማው ላይ ጠብ አለና፣ «አይዞዎት አባባ፣ ያልፋል» ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ሙሽራው እሱ፣ የሚጽናናው እኔ። ስቄ አሳለፍኩት፤ ግን መርፌ ላይ ክር የምታስገባልኝ እናትህ ከሆነች ቆየች። ልብስ ሰፊ ክር ካስገቡለት ምን ቀረው?

በመጨረሻ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እንባ ከዓይን ጥግ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ አለ፣ የእርስዎ ተዘግቷል አለኝ። እርጅና ያጠበዋል፣ የቆየ የአፍንጫ ቁስለት ይደፍነዋል፣ አንዳንዴ ጠጠር፣ አንዳንዴም እጢ ይሆናል አለ። ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ፈሳሽ በዓይኔ ጥግ አስገብተው አነሱኝ።

ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ነጩ መስመር ከዓይኔ ይወርድና የአፍንጫዬ አጥንት ጋ ሲደርስ ይቆማል። እጢ የለም።

«አጥንቱ ድሮ ተሰብሮ ተጣሞ ነው የገጠመው፤ ቱቦውን የዘጋው እሱ ነው። ምን መታዎት?»

«በር» አልኩት።

«ኃይለኛ በር ነበር።»

«ኃይለኛስ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያስቆጣሁት።»

ቀና ብሎ አየኝና ጽሑፉን ቀጠለ።

ቤት ስገባ እናትህ ፊልሙን መስኮት ላይ ዘርግታ አየችው። ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ማሙሽ፣ የዚያን ቀን የሆነውን የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። ሰባት ዓመት ሙሉ አንስተነው አናውቅም። «ሥዕል አያበላም» ብዬ ደብተርህን በልብስ መቀሴ መቆራረጤ በደል ነበር፤ በደልኩህ። አፍንጫዬ በወሩ ሕመሙ ለቆት ነበር። እኔን እስከዛሬ የሚያመኝ፣ አፍረህ ፊቴን ሳታይ ሻንጣህን ይዘህ መውጣትህ ነው።

ቀዶ ጥገናው ግንቦት 20 ነው። አጥንቱን ከፍተው ለእንባው አዲስ መውረጃ ያበጁለታል። ቅጹ ላይ «አብሮ የሚመጣ የቅርብ ዘመድ» የሚል ቦታ ነበር፤ የአንተን ስም ጻፍኩ። ጸሐፊዋ «እዚሁ ነው ያለው?» ስትለኝ፣ «ይመጣል» አልኳት።

ጤናህን ይስጥህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። ያ እጅህ የተባረከ ይሁን።

አባትህ

ሐኪሙ ከጠየቀህ፣ አንተም በር ነው በል።