በእጅ ዋጋና በ«ከነዕቃው» መካከል ስለቀረው የእናቴ መታጠቢያ ቤት

ለግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 19

ጉዳዩ፦ በእኔ ላይ የተሰጠውን ውሳኔ ስለመቃወም እና የመታጠቢያ ቤቴ ወለል ባለሙያ ባለበት እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ለዚህ ጽሕፈት ቤት ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ቀደም ሲል ያቀረብኩትን አቤቱታ ተቆጣጣሪዎ ተመልክቶ «በእጅ ዋጋ ብቻ በተሠራ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉድለት ተጠያቂው የቤቱ ባለቤት ነው» ሲል ወስኗል። ውሳኔው አንድ ሴራሚክ ሳይነሣ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት እገደዳለሁ።

2. እናቴ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ መውጣት አይችሉም። የቤታችን መታጠቢያ ቤት ያለው ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። በመሆኑም ከመኝታ ክፍላቸው አጠገብ ያለውን፣ ቀድሞ ዕቃ ይቀመጥበት የነበረውን ጠባብ ክፍል መታጠቢያ ላደርግላቸው ወሰንኩ። ደፍ የሌለው በር፣ ግድግዳው ላይ የሚይዙት ብረት፣ ቁጭ ብለው የሚታጠቡበት መቀመጫ። የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

3. የቧንቧውን ሥራ ከነዕቃው፣ የሴራሚኩን ግን ዕቃውን እኔ ገዝቼ በእጅ ዋጋ ብቻ ሰጠሁ። ተቆጣጣሪው ይህን «ለክርክር የሚዳርግ አሠራር» ብሎታል። ምክንያት ነበረኝ። ስለ ቧንቧ አላውቅም፤ የማላውቀውን ገዝቼ ከምሳሳት የሚያውቀው ሰው ገዝቶ ኃላፊነቱንም አብሮ ይውሰድ ብዬ ነው። ሴራሚኩን ግን ለማንም አልተውም። የፎቁን መታጠቢያ ቤት ከዓመታት በፊት ከነዕቃው ያሠራሁት ሰው ከገበያ የረከሰውን፣ ውሃ ሲነካው የሚያንሸራትተውን አንጥፎልኝ ሄደ። እናቴ የወደቁት እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ የአሁኑን ሻካራ ሴራሚክ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ ውሃ አፍስሼበት፣ ጫማዬን አውልቄ ረግጬው ነው የገዛሁት። ሻጩ «ጋሼ፣ ሊገዙት ነው ወይስ ሊጨፍሩበት?» ብሎ ሱቁን ሙሉ አሥቆብኛል። ይሣቁ።

4. የተቀበረ ቧንቧ ከመሸፈኑ በፊት ጫፉ ተደፍኖ፣ ውሃ ተሞልቶበት ማደር እንዳለበት ሁለቱም ሠራተኞች ያውቃሉ፤ ለእኔም የነገሩኝ እነሱው ናቸው። የቧንቧ ሠራተኛው ገጥሞ ሲጨርስ ውሃ ሞላበትና «ነገ መጥቼ አየዋለሁ» ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሴራሚክ ሠራተኛው ደረሰ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እህቴ የቧንቧው ሰው ያላትን ብትነግረው «እትዬ፣ እሱ ከነዕቃው ነው የተዋዋለው፤ ተኝቶ ቢያድርም ከዕቃው ያተርፋል። እኔ በካሬ ነኝ። እጄን አጣጥፌ ብውል ማን ይከፍለኛል?» አላትና ሲሚንቶውን ገለበጠበት። ስመለስ ወለሉ ተነጥፎ አገኘሁት። ያማረ ሥራ ነበር፤ ይህን አልክድም።

5. በማግሥቱ የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ የተነጠፈውን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠና ቀሪ ክፍያውን ጠየቀ። ምን እንዳጣራ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ሲሚንቶ የሚበሳ ዓይን የለኝ» አለኝ። ወለሉ ተነሥቶ ሙከራው እንዲደረግ እሱንም፣ ሂሳቡን ሊቀበል የመጣውን ሴራሚክ ሠራተኛም ብጠይቅ፣ ማንሣቱ የማን ሥራ ነው፣ መልሶ ማንጠፉስ በማን ሂሳብ ነው እየተባባሉ ሁለቱም ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የእናቴ መኝታ ክፍል ግድግዳ ከሥር ረጠበ፤ ቀለሙ አብጦ ይረግፍ ጀመር። እናቴ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱትና «እኔን ላጥብ ብለህ ቤቱን አጠብከው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ክፍሉ የሚሄደው ውሃ ተዘግቷል።

6. ሁለቱን እንደገና ባንድ ቀን ጠርቼ እዚያው ክፍል ውስጥ አገናኘኋቸው። ሴራሚክ ሠራተኛው «እኔ እጄን ነው የሸጥኩልዎ፤ ዕቃ አያገባኝም» አለ። የቧንቧ ሠራተኛው «የእኔ ዕቃ ደህና ነበር፤ ሲረግጠው የዋለው እሱ ነው» አለ። ያኛውም «በእኔ ጫማ የሚሰበር ቧንቧ ከምን ሠርተኸው ነው፣ ከብስኩት?» ሲል መለሰለት። ከዚያ በኋላ የተባባሉት ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ አይደለም።

7. ወደ እርስዎ ጽሕፈት ቤት የመጣሁት ይህን የሚዳኝ አካል አለ ብዬ ነው። ተቆጣጣሪው ቤቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ በስልኩ ፎቶ አነሣ፣ «ንጹሕ ሥራ ነው» አለ፣ ሄደ። በሪፖርቱ ላይ ውሃው ከየት እንደሚፈስ ወለሉ ሳይከፈት ማወቅ እንደማይቻል ጽፏል። በዚያው ገጽ ላይ፣ ባለቤቱ ወለሉን ቢከፍት ማስረጃ እንዳጠፋ ተቆጥሮ የመጠየቅ መብቱን እንደሚያጣ አስጠንቅቋል። ሳይከፈት አይታወቅም፤ ሳይታወቅ አይከፈትም። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ዩኒቨርሲቲም የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ደጋግሜ አንብቤው ሌላ ትርጉም አላገኘሁለትም።

8. በእጅ ዋጋ ያሠራ ሰው ላቀረበው ዕቃ ይጠየቅ፤ እስማማለሁ። ሴራሚኬ ተሰንጥቆ፣ ሲሚንቶዬ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ነገር ግን እጁን የሸጠ ሰው እጁ ለሠራው አይጠየቅም የሚል ሕግ የት አለ? ያልተሞከረ ቧንቧ ላይ ሲሚንቶ መድፋት የእጅ ሥራ ነው። ከነዕቃው የተዋዋለውስ ሙከራውን ሳያይ ዋጋውን መጠየቁ በየትኛው ዕቃ ይመካኛል? አንዱ የሚከፈለው ሲጨርስ፣ ሌላው ሲሸፍን ነው። ቆሞ መጠበቅ በሁለቱም ዋጋ ውስጥ አልገባም። ጽሕፈት ቤቱ በሚያድለው የውል ቅጽ ላይ ያሉትም ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው፤ «የእጅ ብቻ» እና «ከነዕቃው»። እኔ ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጌ ሁለቱንም አጣሁ።

9. በዚህ መሃል እናቴ የሚታጠቡት አልጋቸው አጠገብ፣ ሳፋ ውስጥ ነው። ውሃውን እህቴ ከፎቅ ታወርዳለች። እናቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዋላጅ ነበሩ፤ የስንቱን ሰው ልጅ ገላ ያጠቡ ሴት ናቸው። የራሳቸው ገላ በሌላ እጅ ሲታጠብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ አለችኝ እህቴ። እኔ በዚያ ሰዓት ከቤት ስለምወጣ አላየሁም። አሁን አሁን «ዛሬ ይቅርብኝ» ማለት አብዝተዋል። ከመተኛት ብዛት ጀርባቸው ላይ ቁስል ወጥቷል፤ ሐኪሙ በየቀኑ እንዲታጠቡ አዟል። ተቆጣጣሪው ይህን ስነግረው «እሱ የጤና ጉዳይ ነው፤ ወደ እኛ አይመጣም» ብሎኛል።

10. ስለሆነም፣ የተሰጠው ውሳኔ ተነሥቶ፣ ቧንቧ የሚያውቅ ባለሙያ ተመድቦ፣ ሁለቱ ሠራተኞች ቆመው እያዩ ወለሉ እንዲከፈትና ጥፋቱ የተገኘበት ሰው እንዲጠግን፣ ሁለቱም ከሆኑ ሁለቱም እንዲጠግኑ ይታዘዝልኝ። እንዲሁም በውሉ ቅጽ ላይ፣ ክፍያው በየትኛውም መንገድ ይሁን፣ ያልተሞከረ ሥራ የሸፈነ ይጠየቃል የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ይህ ለእኔ አይደርስልኝም፤ ነገ ቤት ለሚያሠራ ሰው ነው።

11. መልስዎን እስከ መጪው ሰኞ ጠዋት እጠብቃለሁ። ሰኞ ጠዋት ወለሉን ራሴ እከፍታለሁ፤ ቧንቧውንም በራሴ ወጪ አስጠግናለሁ። መብቴን እንደማጣ ተነግሮኛል፤ ገብቶኛል። ያ ዓይነት ሴራሚክ ከገበያ ጠፍቷል፤ የሚሰበረውን የምተካበት ስለሌለኝ ቦታው በሲሚንቶ ተደፍኖ ይቀራል። እናቴን ሳማክራቸው «ሲሚንቶስ ምን አለው? አያንሸራትትም» ብለዋል። ባለሙያዎ ከዚያ በፊት ከደረሰ ምስክሬ ይሆናል። ዘግይቶ ከመጣ ግን እናቴ በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን እየታጠቡ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያንኳኳ እንዳይገባ ይነገርልኝ።

ለመሥሪያ ቤቱ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የቤቱ ባለቤት